ልጄ ክራባት አስሮ ሊሄድብኝ ነው

«እህቴ፣ ዓምድሽን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ እኔም እጽፍልሻለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር። የምኖረው ሶልት ሌክ ሲቲ አጠገብ ነው። ከመጣን 13 ዓመት ሆነን። ሆቴል ውስጥ ክፍል አጸዳለሁ። አንድ ልጅ አለኝ፤ 20 ዓመቱ ነው። ሃይስኩል ሳለ ጓደኞቹ ሁሉ ሞርሞኖች ነበሩ። ኳስ አብሯቸው ይጫወታል፣ እነሱ ቤት ያድራል። ደግ ሰዎች ናቸው ብዬ ዝም አልኩ። 18 እንደሞላው ሳይነግረኝ ተጠመቀ። በ40 ቀኑ ክርስትና ያስነሳሁት ልጅ! ዓመት ከምናምን ቆይቶ ደግሞ ‹ሚሽን ተጠርቻለሁ› አለኝ፤ ሃይማኖታቸውን ሊሰብክ። ሚዙሪ፣ ሁለት ዓመት። የሚሄደው ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው።

አባቱ አኩርፎ አያናግረውም። የባሌ አባት ጎጃም ውስጥ መሪጌታ ነበሩ፤ አጥንታቸው የሚወቅሰኝ ይመስለኛል። ማተቡን ፈትቶ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦት አገኘሁ። ቤተ ክርስቲያን ሴቶቹ ‹ልጅሽስ?› ሲሉኝ ‹ትምህርት በዝቶበት ነው› እላለሁ። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። ጥቁር ልጅ የማያውቀውን ሰው በር ሲያንኳኳ አስቢው! እዚያው ካንሳስ ሲቲ በር ተሳስቶ የደወለውን ልጅ በጥይት መተውት የለ?

ቀኑን ሙሉ ምን እንደሚያደርግ፣ ምን እንደሚበላ፣ ከማን ጋር እንደሚውል አላውቅም። ብጠይቀው ተስማማች ይለኛል ብዬ ፈራሁ። ላስቀረው ወይስ ልተወው? ማሠልጠኛቸው ወዳለበት ወደ ፕሮቮ እንድሸኘው ለምኖኛል። — የቸገራት እናት፣ ከዩታ»

እህቴ፣ አንቺ ልበልሽ። እኔም ሃምሳን እያንኳኳሁ ስለሆነ «እርስዎ» ብንባባል ያስቃል።

መልሱን ቀድሜ ልስጥሽና ከዚያ እናወራለን። ልታስቀሪው አትችይም። 20 ዓመቱ ነው። ፕሮቮ ድረስ ሂጂና ሸኚው። እስከዚያ ባለው አምስት ሳምንት ደግሞ የፈራሽውን ሁሉ ጠይቂው፣ ያመመሽንም ንገሪው።

ይህን የምልሽ ሃይማኖቱን ወድጄለት አይደለም። እኔም ማተቤን ያሰርኩ ነኝ። «ሁሉም ክርስቶስን እስካለ ድረስ አንድ ነው» ብዬ አላባብልሽም፤ አንድ አይደለም። እኛ አንድም ሦስትም የምንለውን ሥላሴ እነሱ አብ ለብቻው፣ ወልድ ለብቻው፣ መንፈስ ቅዱስ ለብቻው ነው የሚሉት። የሕፃን ጥምቀት አይቀበሉም፤ ልጆቻቸውን የሚያጠምቁት በ8 ዓመታቸው ነው። ስለዚህ የ40 ቀኑን ክርስትና እንዳልነበረ አድርገው ነው እንደገና ያጠመቁት። ይህ እናትን ያማል። ማመሙን ደብቀሽ «ምንም አይደል» ብትይው ውሸት ይሆንብሻል፤ እሱም ያውቅብሻል። «ልጄ፣ ይሄ አሞኛል» በይው። አንድ ጊዜ። ከዚያ በየቀኑ አትድገሚው።

አሁን ወደ ጠየቅሽው ልሂድ። በቀን ምን ያደርጋል?

መጀመሪያ አንድ ነገር ላጫውትሽ። ኦሮራ፣ ኮሎራዶ እኖር በነበረ ጊዜ ነው፤ ዘመኑ 2016፣ ወሩ ነሐሴ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልሽ።) ከሰው እጅ የገዛሁት ሶፋ ደረጃው ሥር ቆሟል። ወንድሜ መጥቶ ያወጣልኛል ብዬ እየጠበቅሁ ነበር፤ ወንድሜ ደግሞ ሲመጣ ነው የሚመጣው። ሁለት ልጆች ነጭ ሸሚዝና ክራባት አድርገው መጡና ስለ ኢየሱስ ክርስቶስ ሊያወሩኝ ጠየቁኝ። «ሃይማኖት አለኝ» አልኳቸው። «እሺ፣ ሌላ የምናግዝሽ ነገር አለ?» አሉ። ለቀልድ ያህል ሶፋውን አሳየኋቸው። ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክመው አወጡልኝ። በክራባት!

ሲወጡ ከኋላቸው ነበርኩ። የአንዱ ጫማ ተረከዝ በአንድ ጎን አልቆ ወደ ውጭ ተንጋዷል። የሸሚዙ ኮሌታ በላብ ግራጫ ሆኗል። ቡና ላፍላ ስል አንጠጣም አሉ። ምን ዓይነት ክርስቲያን ነው ቡና የማይጠጣ ብዬ ሳቅኩ። ውሃና ድፎ ዳቦ ሰጠኋቸው። አጭሩን «እናትህን መቼ ነው ያናገርካት?» አልኩት። «የእናቶች ቀን፣ ሜይ ላይ» አለኝ። ሦስት ወር ሙሉ! ዳቦውን እያየ ነበር የሚመልስልኝ። ጓደኛው ቀስ ብሎ ትከሻውን ነካ አደረገው።

ያኔ ደንቡ እንዲያ ነበር። በሳምንት አንድ ጊዜ ኢሜይል ይጻጻፋሉ፤ ስልክ ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ፣ ለገናና ለእናቶች ቀን። ከፌብሩዋሪ 2019 ወዲህ ተቀይሯል። አሁን በየሳምንቱ በዕረፍት ቀናቸው ቤተሰባቸው ጋር ደውለው በቪዲዮ መነጋገር ይችላሉ። ቀኑ አብዛኛውን ጊዜ ሰኞ ነው። ስለዚህ ዛሬውኑ አለቃሽን አናግሪና ሰኞ ላይ ምሳ ሰዓትሽን አስተካክይ። ሚዙሪ ከዩታ በአንድ ሰዓት እንደሚቀድም አትርሺ።

ከሰኞ ውጭ ያለው ቀን እንደ ወታደር ነው። ጠዋት 6:30፣ በእኛው 12 ሰዓት ተኩል፣ መነሳት። ተንበርክኮ መጸለይ። ግማሽ ሰዓት ስፖርት። ቁርስ፣ ሻወር፣ ከዚያ ለብቻ ንባብ፣ ከዚያ አብሮት ከተመደበው ጓድ ጋር ንባብ። መጽሐፍ ቅዱስም ያነባል፣ መጽሐፈ ሞርሞንም። ረፋድ ላይ ይወጣሉ፤ ማታ 9 ሰዓት ገደማ ይገባሉ፤ 10:30 መብራት ይጠፋል። ፊልም የለም፣ ጌም የለም፣ የሴት ጓደኛ የለም። ስልክ ይሰጣቸዋል፤ ግን ለሥራ ነው። ድሮ በር ማንኳኳት ነበር ዋናው፤ አሁን ግን ብዙውን ሰው የሚያገኙት በማኅበራዊ ሚዲያና አባላቱ ራሳቸው በሚጠቁሟቸው ቤቶች ነው። በመሃል ለሰው ሣር ያጭዳሉ፣ በረዶ ይጠርጋሉ፣ ዕቃ ያጓጉዛሉ። የእኔን ሶፋ አይተሻል።

የሚበላውን ራሱ ያበስላል። ማለቴ ኑድል ይቀቅላል፣ ሲሪያል በወተት ያደርጋል። የአካባቢው አባላት ደግሞ ተራ ገብተው እራት ይጋብዟቸዋል። አይራብም። ግን ሽሮ መሥራት አሁኑኑ አስተምሪው። በርበሬና ሽሮ ቦታ አይፈጅም፣ አይበላሽም። አምስት ሳምንት ለሽሮ ይበቃል፤ ለዶሮ ወጥ አይበቃም።

ብቻውን አይውልም፤ ይህን ለፍርሃትሽ ያዢው። ሁልጊዜ ሁለት ናቸው። ሽንት ቤት ካልሆነ በቀር ከጓዱ ዓይንና ጆሮ አይርቅም። ጓዱን አይመርጥም፤ ይመደብለታል። በየስድስት ሳምንቱ ምደባው ይከለስና ወይ ጓዱ ይቀየራል ወይ እሱ ወደ ሌላ ከተማ ይዛወራል። ከማታውቂው ልጅ ጋር 24 ሰዓት መዋል ማለት ምን እንደሆነ አስቢው። አንዱ ያንኮራፋል፣ አንዱ ዕቃ አያጥብም፣ አንዱ ሌሊት እናቱ ናፍቃው ያለቅሳል። ከሚሽን የተመለሱ ልጆች ሲያወሩ ስሰማ በሩ ላይ የተሰደቡትን ሳይሆን ስለ ጓዶቻቸው ነው ብዙ የሚሉት። አንዳንዱ ሠርግ ላይ ሚዜው አድርጎታል፤ አንዳንዱ ስሙን መስማት አይፈልግም።

ስለ በሩ ግን ፍርሃትሽ ከንቱ ነው አልልሽም። ያ የ16 ዓመት ልጅ በ2023 ካንሳስ ሲቲ ውስጥ ወንድሞቹን ሊያመጣ ሄዶ የተሳሳተ በር ደወለና ተመታ። ተረፈ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ካንሳስ ሲቲ ደግሞ ልጅሽ የሚሄድበት ሚዙሪ ውስጥ ናት። እናት ይህን ሰምታ ብትተኛ ነው የሚገርመው። ስለዚህ ሃይማኖትን ለጊዜው ትተሽ የእናት ጥያቄ ጠይቂው። ማታ ሰው ሰፈር ስትገቡ ምን ታደርጋላችሁ? ሰው ቢጮህባችሁስ? ጓድህ ነጭ ሆኖ አንተን ለብቻህ ቢያስቆሙህ ምን ይላል? የሚሽኑን ኃላፊ ስልክ ስጠኝ። ይህን ያህል መጠየቅ መብትሽ ነው። የሚሽን ኃላፊው ከባለቤቱ ጋር ሦስት ዓመት እየተቀመጠ መቶና ከዚያ በላይ ልጆችን የሚጠብቅ ሰው ነው። እናት ስትደውልበት የመጀመሪያዋ አትሆኚም።

ሚዙሪን ካነሳን አንድ ነገር ልጨምር። ልጅሽ የሚሄድበት አገር ለእነሱ ተራ አገር አይደለም። ጆሴፍ ስሚዝ ቤተ ክርስቲያኑን በ1830 ኒው ዮርክ ውስጥ ከመሠረተ በኋላ «ጽዮን የምትሠራው እዚህ ነው» ያለው ሚዙሪ ውስጥ፣ ካንሳስ ሲቲ ሥር ያለችውን ኢንዲፔንደንስን ነው። የሰፈሩ ሰዎች ግን አልወደዷቸውም፤ ተጋጩ፣ ደም ፈሰሰ። በ1838 የሚዙሪ ገዢ የነበረው ሊልበርን ቦግስ «ወይ ይጥፉ ወይ ከግዛቱ ይባረሩ» የሚል ትእዛዝ አወጣ። በብርዱ ወራት ተባረሩ። ትእዛዙ በይፋ የተሻረው መቼ መሰለሽ? በ1976። ዩታ የገቡትም ስሚዝ እስር ቤት ውስጥ በሕዝብ ቁጣ ከተገደለ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1847፣ በብሪገም ያንግ መሪነት እየሸሹ ነው። እምነት ተይዞ መሰደድ ምን እንደሆነ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው።

ነገር ግን ሌላም ታሪክ አለ፤ ልጅሽ ይህን ያውቅ እንደሆነ ጠይቂው። እስከ ጁን 1978 ድረስ ጥቁር ሰው በእነሱ ቤት ክህነት አይሰጠውም ነበር። እንደ ልጅሽ ያለ ጥቁር ወጣት ያኔ ኤልደር (ለሚሽን የሚላኩት ወንዶች የሚጠሩበት ማዕረግ ነው) ተብሎ ሊላክ አይችልም ነበር። በ1978 ፕሬዚዳንታቸው ስፔንሰር ኪምባል መገለጥ መጣልኝ ብለው ክልከላው ቀረ። በ2013 ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑ ራሱ በጻፈው ጽሑፍ ድሮ ለክልከላው ይሰጡ የነበሩትን ምክንያቶች አልቀበልም ብሏል። ይህን የማነሳልሽ ልጁን አፉን እንድታስይዢበት አይደለም። ሚዙሪ ውስጥ አንድ ጥቁር ሽማግሌ በር ላይ ቆመው «ልጄ፣ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?» ብለው ይጠይቁታል። እርግጠኛ ነኝ። መልሱን መጀመሪያ ለእናቱ ቢሞክረው ይሻለዋል። ምናልባትም አስቦበታል። ካሰበበት ልጅሽ ከገመትሽው በላይ አድጓል ማለት ነው።

ሚዛን ለመጠበቅ ያህል ደግሞ ይህን ስሚ። በእኛ አቆጣጠር የ1977ቱን ድርቅ እኔና አንቺ ልጆች ሆነን እናስታውሰዋለን። በጃንዋሪ 27 ቀን 1985፣ በእኛ ጥር 19 መሆኑ ነው፣ የዚህ ቤተ ክርስቲያን አባላት ለኢትዮጵያና ለአካባቢዋ ረሃብተኞች ብለው ልዩ ጾም ጾመው የምግባቸውን ገንዘብ ሰጡ። ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ። ከመሪዎቻቸውም አገራችን ድረስ የሄዱ ነበሩ። ውለታ ቆጥረሽ ልጅሽን ስጪ ማለቴ አይደለም፤ ውለታ በልጅ አይከፈልም። ጎረቤቶችሽን ስታያቸው እንድታውቂው ብዬ ነው።

ጾም ካልኩ አይቀር፣ እነሱ የሚጾሙት በወር አንድ ቀን፣ በመጀመሪያው እሑድ ሁለት ምግብ ዘለው ነው። እኛ ረቡዕና አርብን፣ ሁዳዴንና ፍልሰታን ለለመድን ሰዎች ቀላል ይመስላል። ቡና ግን ለዘላለም ነው። በ1833 ስሚዝ ተገለጠልኝ ባለው ቃል ላይ «ትኩስ መጠጥ» ተከልክሏል፤ ትርጉሙ ቡናና ሻይ ነው። አልኮልና ሲጋራም የለም፤ ጠላውም ጠጁም ቀረ። ኮካ ግን ይጠጣሉ፤ ይሄን አትጠይቂኝ፣ እኔም አልገባኝም።

ልጅሽ ቡና አይጠጣም ማለት ግን ቡና አያፈላልሽም ማለት አይደለም። ቆልቶ፣ ጭሱን አሽትቶ፣ ቀድቶልሽ እሱ ውሃውን ይዞ ቢቀመጥ ማን ከለከለው? ከመሄዱ በፊት አንድ ቅዳሜ እንዲያፈላልሽ ጠይቂው። አባቱንም ጥሪው። አባት ያኮረፈ ቤት ውስጥ ሰው የሚያስታርቀው ረከቦት ነው። አቦል ላይ ማንም ምንም አይናገር። ቶና ላይ ወሬ ይጀመራል።

ለባልሽ ደግሞ ይህን አንብቢለት። ልጁ ሚዙሪ ሲሄድ ደረቱ ላይ ጥቁር ስም መለያ ያደርጋል። በነጭ የተጻፈው «ኤልደር» ይልና ቀጥሎ የቤተሰብ ስም ነው። ኤልደር ማለት ሽማግሌ ነው። ፂሙን በየቀኑ የሚላጭ የ20 ዓመት ሽማግሌ! የራሱ ስም አይጻፍም። አሜሪካ ውስጥ እንደኛ ልጆች ወረቀት ከሆነ የመጨረሻው ስም የአያት ነው፤ የእናንተም እንደዚያ ከሆነ ልጁ ሁለት ዓመት ሙሉ ደረቱ ላይ ለጥፎ የሚዞረው የመሪጌታን ስም ነው። ሚዙሪ ውስጥ በየቀኑ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው።

መሪጌታን ካነሳሽ አይቀር፣ አጥንታቸው ይወቅሰኛል ያልሽው ላይ ብዙ አሰብኩ። እሳቸው መሪጌታ የሆኑት እንዴት ነው? እንደማንኛውም የቆሎ ተማሪ በልጅነታቸው ከቤት ወጥተው አይደል? ደበሎ ለብሰው፣ አኮፋዳ አንግበው፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ በማያውቁት ሰው ደጅ ቆመው፣ ውሻ እያባረራቸው። እናታቸውም ያኔ አልቅሳ ይሆናል። የልጅሽ ሃይማኖት የሳቸው ሃይማኖት አይደለም፤ ቢያዩት እንደሚያዝኑ አልጠራጠርም። ግን ሰው ደጅ ቆሞ «ሂድ ከዚህ» መባል ምን እንደሚመስል ከቤተሰባችሁ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ልጁ ስለ አያቱ ይህን ያውቃል? ንገሩት። አባቱ ነው መንገር ያለበት።

ማተቡን በሚመለከት፣ የምታስቢውን አውቃለሁ። ሻንጣው ጥግ፣ ካልሲ ውስጥ ደብቀሽ ልታስገቢለት ነው። አታድርጊው። ሲያገኘው እንዳታለልሽው ነው የሚሰማው። እዚያው መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ። አልጣለውም አይደል? ለመጣል ቆሻሻ መጣያ ነበረለት።

«ሞርሞን» የሚለውን ቃል ደግሞ እሱ ፊት ቀንሺ። ስድብ ስለሆነ አይደለም፤ በ2018 ፕሬዚዳንታቸው የነበሩት ራስል ኔልሰን አባላቱ በሙሉ ስማችን ጥሩን እንዲሉ አሳስበው ነበር። ሙሉ ስሙ የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተክርስቲያን ነው። ይረዝማል፤ «ቤተ ክርስቲያንህ» ብትይው ይበቃል። እኛስ «ኮፕቲክ» ሲሉን እንበሳጭ የለ?

ገንዘቡን አልጠየቅሽኝም፣ ግን ይመጣል። አሜሪካ ውስጥ ያለ ወጣት በወር 500 ዶላር ይከፍላል፤ እስከ 2020 ድረስ 400 ነበር። የትም ቢመደብ ያው ነው። በሁለት ዓመት 12 ሺህ ዶላር። የሚከፈለው ከራሱ ቁጠባ፣ ከቤተሰብ፣ ካልሆነም ከአጥቢያው ሰዎች ነው። አንቺ ክፍል እያጸዳሽ የምትኖሪ ሰው ነሽ። ኅሊናሽ የማይቀበለውን አትክፈይ፤ ይህን ቀስ ብለሽ ንገሪው፣ ይገባዋል። ጫማ ግን ግዢለት። የዚያን የኦሮራ ልጅ ተረከዝ ነገርኩሽ። ሁለት ጥንድ ጥቁር ጫማ፣ ሶሉ ወፍራም፣ ዝናብ የማያስገባ። እምነቱን ባትደግፊ እግሩን ደግፊ።

አሁን ከሁሉ የሚበልጥብኝን ልንገርሽ፤ ሌላውን ብትረሺ ይህን አትርሺ።

ከ70 ሺህ በላይ የሚሆኑ እንደሱ ያሉ ወጣቶች አሁን በዓለም ዙሪያ አሉ። ሁሉም 24 ወራቸውን አይጨርሱም። አንዳንዱ ይታመማል። አንዳንዱ በጭንቀት እንቅልፍ ያጣል፣ ምግብ አይበላለትም። ሁለት መቶ ሰው እምቢ ብሎት አንድ ሰው ሳይሰማው ወር ያልፋል። አንዳንዱ ደግሞ ጠዋት ተንበርክኮ ሲጸልይ ማንም የሚሰማው አይመስለውም፤ ማታ ግን «አውቃለሁ» ብሎ መመስከር አለበት። ያ ከባድ ነው፤ ለኛም ካህናት ከባድ ነው። በግድ የሚይዘው የለም፤ «ይብቃኝ» ካለ ይመለሳል። ግን ዩታ ውስጥ ሳይጨርስ የተመለሰ ልጅ የሚታይበትን ዓይን አንቺም ሰፈርሽ አይተሽው ይሆናል። «ምን አጥፍቶ ነው?» ይባላል። የሰፈሩ ልጅ ቢያንስ እናቱ ቤት ይደበቃል። ያንቺ ልጅ ግን ወጥቶ የሄደው ከእናቱ ቤት ተጣልቶ ከሆነ የት ይደበቃል? ቤተ ክርስቲያኑ አፈረበት፣ የኛ ሰው «አላልናችሁም?» አለ፣ አባቱ አኮረፈ። ሁለት ደጅ ተዘግቶበት መሃል ላይ የቆመ የ20 ዓመት ልጅ ያስፈራኛል። ከሚዙሪ በር በላይ ያስፈራኛል።

ስለዚህ ከመሄዱ በፊት፣ መኪና ውስጥ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ፣ እንዲህ በይው። «በሦስተኛው ወርም ብትመጣ፣ በሃያ አራተኛውም ብትመጣ አልጋህ አለ። ለምን መጣህ ብሎ የሚጠይቅህ የለም።» ከዚያ ዝም በይ። «መመለስህ አይቀርም» እንዳትይው። ይህ እርግማን ነው። በየሰኞው ሲደውልልሽም ፊቱን እያየሽ «ሰለቸህ አይደል?» አትበይው። የምትጠይቂውን እኔ ልስጥሽ። ምን በላህ? ጓድህ ደህና ነው? ማን አሳቀህ? ሳይደብቅሽ ካወራ ችግሩንም ያወራሻል። በየሰኞው የሃይማኖት ክርክር ካደረግሽው ግን ደህና ነኝ ደህና ነኝ እያለ ስልኩን ይዘጋል፤ ያኔ ቢታመምም አታውቂም።

ያልኩሽን ሁሉ ብታደርጊ አምኖ ጸንቶ ሊመለስ ይችላል፤ ትቶት ሊመለስም ይችላል። ሁለቱንም አይቻለሁ። አንቺ ጸልዪ። ለነፍስ አባትሽም ንገሪያቸው፤ እስካሁን አልነገርሻቸውም መሰለኝ፣ ደብዳቤሽ ውስጥ የሉም። ሴቶቹን ግን ተያቸው። «ትምህርት በዝቶበት ነው» የሚለው ውሸት ለአምስት ሳምንት እንጂ ለሁለት ዓመት አይሆንሽም። «ሚዙሪ ነው፣ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ገብቷል፣ ጸልዩልኝ» ብትያቸው ሁለት እሑድ ያወራሉ። በሦስተኛው የሌላ ሰው ልጅ ወሬ ይመጣል።

አንድ ነገር እንዳያስደነግጥሽ። የሥልጠናው የመጀመሪያ ቀናት በአብዛኛው ከቤት ሆኖ በኢንተርኔት ነው። ማለትም አንድ ጠዋት ከሥራ ስትገቢ ሳሎንሽ ውስጥ ክራባት አድርጎ ኮምፒውተር ፊት ቁጭ ብሎ ታገኚዋለሽ። ሻይ ይዘሽ እንዳትገቢ፣ አይጠጣም! ከዚያ ነው ፕሮቮ የሚገባው፤ ከ50 በላይ ቋንቋ የሚማሩ ወጣቶች የሚሰባሰቡበት ትልቅ ማሠልጠኛ ነው። እሱ ቋንቋ ስለማይማር እዚያ ብዙ አይቆይም።

የፕሮቮው ስንብት እንደ ቦሌ አይደለም። ውስጥ አያስገቡሽም። መኪናው ጥግ ይይዛል፣ አንድ ልጅ መጥቶ ሻንጣውን ያወርዳል፣ ታቅፊዋለሽ፣ አለቀ። ከኋላሽ ሌላ መኪና ተሰልፏል። ደቂቃ ነው፤ ስለዚህ ለቅሶውን ቤት ጨርሰሽ ሂጂ። ነጠላሽን ልበሺ። ግንባሩን ሳሚው።

ዳቦ ቆሎም ሥሪለት፤ ብዙ። በሁለት ላስቲክ ለይተሽ እሰሪው። አንዱ የጓዱ ነው።